ካፖርቱ ያልወረደበት ባሕር

ሸዋ ሮቢት ውስጥ መንገደኛ የሚታወቀው በካፖርቱ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ ጣርማ በርን መውጣት አለበት፤ እዚያ ጉሙ ሲቀበለው ጥርሱ ይንገጫገጫል። ስለዚህ ላብ እያጠመቀው እንኳ ካፖርቱን በክንዱ ይዞ አውቶቡስ ይጠብቃል። የሌለው ከሰርክአዲስ ይዋሳል። የሷ አረንጓዴ ካፖርት ሰፈርተኛውን ለሐኪም፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ አድርሶ መልሷል። ስታውስ ግን እንደምትመልሱልኝ ማሉ ትላለች።

እሷ ራሷ ከደብረ ብርሃን አልፋ አታውቅም። ዕድሜዋ የሄደው አስፋልቱ ዳር ባለ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከተማውን ዝም ሲያሰኘው፣ ያጠበችውን አንሶላ አስጥታ ጥላ ሥር ቁጭ ትላለች። ነፋስ አንሶላውን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው ባሕር ይመስላታል። ባሕር አይታ አታውቅም፤ የምታየው አሰግድ የነገራትን ነው።

አሰግድ ባሏ ነበር፣ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የሚነዳ ሹፌር። የተዋወቁትም በዚሁ ካፖርት ነው። ወደ ወደብ ሲወርድ ካፖርት ምን ያደርግለታል? ሆቴሉ ደጅ አቁሞ «ጠብቂልኝ፤ ስመለስ እወስደዋለሁ» ይላትና ይወርዳል፤ ሲመለስ ለብሶት ጣርማ በርን ይወጣል። ከተጋቡ በኋላም ልማዱን አልተወም። ድንበሩ በተዘጋ ጊዜ ግን ካፖርቱን እሷ ጋ እንዳስቀመጠ ወርዶ ቀረ። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። ወደብ ላይ ሌላ ቤት ነበረው የሚሉ ግን አልጠፉም፤ ወሬ መቼም ሹፌርን አይምረውም። ልጃቸው ቤዛዊት ያኔ ድክ ድክ ትል ነበር። ሰርክአዲስ ወሬውን አላመነችም፣ ከልቧም አላወጣችው። ሁሌም የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሊመለስ አስቦ ነበር የሄደው?

ቤዛዊት አድጋ አዲስ አበባ ጉዞ በሚያዘጋጅ ድርጅት ተቀጠረች። ዘንድሮ የዛንዚባር ጉዞ ለሁለት ሰው በቅናሽ አገኘችና እናቷ ጋ ደወለች። አሰብ ባይኬድም ባሕሩ ያው ሞቃት ባሕር ነው አለቻት።

ዝግጅቱ በስልክ ተጀመረ። ወሩን ሐምሌ አደረጉት፤ ሚያዝያ ላይ ደሴቱ ዝናብ ነው፣ ሐምሌ ላይ ግን ይደርቃል። ፓስፖርቷን ቀድማ አወጣች፤ ከመልስ ጉዞው በኋላም ብዙ ወራት የሚቀሩት መሆን አለበት። የቢጫ ወባ ክትባት ተከትባ ካርዱን ከፓስፖርቷ ጋር አስቀመጠች። የደም ግፊት ክኒኗን በእጅ ቦርሳዋ እንድትይዝ ተነገራት፤ ሻንጣ ቢዘገይ መድኃኒት አብሮ አይዘገይም። ባሕሩ ውስጥ ያለው ድንጋይ እግር ስለሚቆርጥ ኮንጎ ጫማ ገዛች። ጎረቤቷ ሰሊማ የደሴቱ ሰው ሙስሊም መሆኑን ስትሰማ፣ ከተማ ስትወጣ ትከሻዋን የምትሸፍንበት ሳሳ ያለ ሻሽ አመጣችላት። ከዚያ ቤዛዊት ምክሯን ቀጠለች፦ ስስ ልብስ ልበሺ፣ ውሃ ጠጪ፣ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ አትውጪ፣ አጎበር ውስጥ ተኚ። ሰርክአዲስ ሳቀች። ለካ ከተወለደች ጀምሮ ለደሴት ስትዘጋጅ ኖራለች።

የተጣሉት በካፖርቱ ብቻ ነው። ልጅቱ ለደሴት ካፖርት የሚይዝ ሰው አይቼ አላውቅም አለች፤ እናትየው ጣርማ በር ይበርዳል አለች። እውነቱ ሌላ ነበር። ካፖርቱን ትቶ ወደ ባሕር የወረደ ሰው አልተመለሰም፤ ፈርታለች።

ለብሳው አዲስ አበባ ገባች። የበረራው ቀን ዝናቡ እየወረደ፣ ቤዛዊት የተከራየችበት ቤት በር ላይ ቆማ ብዙ አመነታች። በመጨረሻ አወለቀችና ለቤቱ ባለቤት ለእትዬ ቆንጅት ሰጠቻቸው።

«ይጠብቁልኝ» አለች፤ «ስመለስ እወስደዋለሁ።»

ቃሉ የማን እንደሆነ የታወቃት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ሙቀቱ ፊቷን መታት። ባዕድ አገር ጠብቃ ነበር፤ የተቀበላት ግን የሸዋ ሮቢት አየር ነው። የማንጎው ሽታ እንኳ ያው ነበር። በማግስቱ በኮንጎ ጫማዋ ውሃው ውስጥ ገባች። በርሜል ውስጥ ፀሐይ ላይ እንደዋለ ውሃ ለብ ብሏል። ባሕሩ የሰፋ አንሶላ ሆኖ ከፍ ዝቅ ሲል፣ በሕልሟ ይሁን በውኗ ሳታውቅ እስከ ጉልበቷ ቆማ ቀረች።

ላቧ ሲወርድ ባዶ ክንዷን አየች። እዚህ ለመቅረት ያሰበ ሰው ካፖርቱን ይሸጠዋል፣ ወይ ለአንዱ ይለግሰዋል፤ ጠብቂልኝ አይልም። እሷም ለእትዬ ቆንጅት ያን ስትል ከልቧ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የከበዳት ነገር ከላይዋ ወረደ፣ ደስ ብሏት አለቀሰች።

«ልትመጣ ነበር» አለችው አሰግድን፣ ቀስ ብላ።

ሰርክአዲስ ካፖርቱን ከእትዬ ቆንጅት ተቀብላ አገሯ ከገባች በኋላ፣ ሰሊማ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ኖሯት ልትዋሰው መጣች። እንደ ልማዷ እጇን አንስታ ወላሂ ልትል ስትል ሰርክአዲስ ካፖርቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት።

«አትማይ ሰሊማ» አለቻት። «ትመለሻለሽ።»