የዋናተኛ መተንፈሻ

እኔ ዋና አልችልም። በሃምሳዎቹ አሰበ ተፈሪ ሳስተምር ከተማው ውስጥ ዋና የሚችል ሰው መኖሩንም እንጃ። ታዲያ በስድስተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ ባሕር ውስጥ በደረቱ የሚንሳፈፍ አንድ ፈረንጅ ነበረ። ከአፉ ቱቦ ወጥቶ ከራሱ በላይ ብቅ ብሏል፤ ከሥሩ «ስኖርክል» ይላል። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገ እነግርሻለሁ ብዬ ከትምህርት ቤቱ መዝገበ ቃላት ፈለግኩት፤ ያለችው አንድ መስመር ተኩል ናት። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ «ስኖርክል፦ ዋናተኛ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚተነፍስበት ቱቦ።» ልጆቹ ሲገለብጡ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ምን ላድርግ፣ ከሸዋ የመጣሁ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላኝ ጉረኛ ነበርኩ።

የልጅቷ አባት ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ የምንኖረው አንድ ግቢ ነው። አማርኛው እንደ ነገሩ ስለሆነ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይላል፤ እኔም ለምጄበት እሱን አንተ እለው ነበር። በየቀኑ ልጁን ምን እንደተማረች ይጠይቃታል። ያን ዕለት በራፌ ላይ መጥቶ ቆመ።

«መምህር፣ ይሄ ልጄ የነገረኝ ቱቦ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ውሃ ውስጥ ካስተነፈሰ ጉድጓድ ውስጥስ?»

የጠየቀው ወዶ አይደለም። ያረጀ ጉድጓድ ሥሩ ላይ አየሩ ይበላሻል። እሱ ሳይወርድ በፊት ፋኖስ በገመድ ያወርዳል። ፋኖሱ ከጠፋ ቅጠላም ቅርንጫፍ አስሮ እየጣለ እየሳበ ግማሽ ቀን አየሩን ይቀሰቅሳል። ፋኖሱ እንደበራ እስኪወጣለት ድረስ ንጉሥ ቢያዘውም አይወርድም። ሃያ ዓመት በዚህ ኖሯል። እኔ ግን አፌን ሞልቼ «እንዴታ! አየር ያው አየር ነው» አልኩት።

«ወላሂ ጋሪዳ!» አለ፤ ጥሩ ነገር ነው ማለቱ ነው።

ቅዳሜ ወደ በደሳ መውጫ ላይ አንድ ቡና ነጋዴ ጉድጓድ ሊያስጠርግ ጠራው። እኔን ማንም አልጠራኝም፤ ምን ቆርጦኝ እንደሄድኩ! ነጋዴው ቤንዚን ከበርሜል የሚቀዳበትን ረጅም የጎማ ቱቦ ሰጠን፤ በሳሙና አጠብነው። ፋኖሱ ሲወርድ ገና ከግማሽ ሳያልፍ ጠፋ። እሱም እንደልማዱ ቅርንጫፍ ሊቆርጥ ተነሣ።

«ምን ያደክምሃል? ቱቦው አለ አይደል እንዴ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበና ሳቀ። ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ፤ አፍንጫውን በጨርቅ ጠፍሮ ቱቦውን ነክሶ ወረደ።

የቱቦውን የላይኛውን ጫፍ አፈር እንዳይገባበት የያዝኩት እኔ ነኝ። ትንፋሹ ይሰማኝ እንደሆነ ብዬ መዳፌን ደቀንኩ። ምንም የለም። ያኔ መጮህ ነበረብኝ፤ ቱቦው ረጅም ስለሆነ ነው ብዬ ዝም አልኩ። እውነትም ረጅም ስለነበረ ነው። ከላይ ያለው አየር እሱ ጋ ሳይደርስ የራሱኑ ትንፋሽ መልሶ ይስበው ኖሯል። ይህን ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ የክሊኒክ ድሬሰር አስረዳኝ፤ ምን ሊረባኝ!

ገመዱ ላላ። ከነጋዴውና ከሠራተኞቹ ጋር አምስት ሆነን ስንስበው ከብዶ መጣ፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ነጋዴው ፊቱ ላይ ውሃ ደፋበት፤ እኔ እጁን ይዤ እንደ እብድ በስሙ እጠራዋለሁ። አልነቃም። በዕለቱ ተቀበረ።

ከሳምንት በኋላ ልጅቷ ወደ ክፍል ተመለሰች። ትምህርቱ ሲያልቅ ሌሎቹ ወጡ፤ እሷ መጽሐፉን ይዛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። ፈረንጁ ያለበትን ገጽ ገልጣ ቱቦውን በጣቷ ተከተለችው።

«መምህር፣ ይሄ እኮ አጭር ነው። ከክንዴ አይበልጥም። አጭር መሆን እንዳለበት ለአባ ነግረውት ነበር?»

ሥዕሉን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ርዝመቱን ግን አንድ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። እውነቱን መናገር አቃተኝ፤ ፈራኋት። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ፈራሁ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ነግሬው ነበር» አልኳት።

«አልሰማም?»

«አልሰማም።»

መጽሐፉን ዘጋች።

«አባ እኮ እርስዎ ያሉትን ሁሉ ይሰማ ነበር» አለችኝና ደብተሯን ይዛ ወጣች።