ሽማግሌ የተላከለት አምፕሊፋየር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ እዚሁ አዳማ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች አንድ አምፕሊፋየር ገዝቶ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎት መጣና የሳሎኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሰካው። መብራቱ በራ፤ ትንሽ ቆይቶም ከጀርባው ቀዳዳዎች የሞቀ አቧራ ሽታ ይወጣ ጀመር። እሱ የትኛው ስፒከር እንደሚስማማው ስልኩ ላይ ሲፈልግ እኔ ሳላስበው ተነስቼ ገመዱን ነቀልኩት። «አክስቴ፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ። ምን እንደሆንኩ ለማስረዳት እስከ ደርግ ዘመን፣ ይህች ከተማ ናዝሬት ስትባል እስከነበረበት ጊዜ ድረስ መመለስ ነበረብኝ።

አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ያኔ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ዕቃቸውን እየሸጡ ይወጡ ነበርና ከአንዱ ሁለት ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮች ገዛ፤ እናቴም እያጉረመረመች ቡፌዋን ወደ ጓዳ አስገብታ ቦታ ለቀቀችላቸው። ከዚያ በኋላ ግን ወራት አልፈው ወራት ሲተኩ ከስፒከሮቹ አንዲት ድምፅ አልወጣችም። ጎረቤቱ ሁሉ ያገኘውን ካገኘው ጋር አጋጥሞ ሰፈሩን ሲያስጨፍር፣ አባቴ «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» እያለ ለስፒከሮቹ አቻ የሚሆን አምፕሊፋየር ይፈልግ ነበር። ደካማ ከሆነ ይንጫረራል እንጂ አይዘፍንም፣ ኃይለኛ ከሆነ ደግሞ ስፒከሩን ይቀደዋል፤ ስለዚህ ከጀርባቸው የተጻፈው ቁጥር ካልተስማማ አይነካቸውም። የገዛው የሸክላ ማጫወቻ ከድሬዳዋ በባቡር መጥቶ እሱም ተራውን ይጠብቅ ጀመር። ያ የናዝሬት ነፋስ አቧራውን ባስነሳ ቁጥር እኛ ልጆች የተሰጣውን ልብስ ትተን ስፒከሮቹን በአንሶላ ለመሸፈን እንሮጥ ነበር። «ሰው ልጁን ይድራል፣ የኔ ባል ሳጥን ይድራል» ትላለች እናቴ።

አቻው ደብረ ዘይት ተገኘ፤ ወይዘሮ አልማዝ የሚባሉ ሴት ቤት። አባቴ ደጋግሞ ሄዶ ቢለምናቸው «ባለቤቱ የለም፤ ሲመጣ ይጠይቀኛል» እያሉ መለሱት። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። አባቴ ግን ሽማግሌ ላከ። አዎ፣ ለአምፕሊፋየር! ጎረቤታችን የእህል ነጋዴው ኦቦ ገመቹ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከአንድ ሌላ ሽማግሌ ጋር ሆነው፣ እኔንም አስከትለው ሄዱ፤ ወንበር ሲቀርብላቸውም እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ከዚያም ቤቱ ጥሩ ቤት እንደሆነ፣ ፈላጊውም የተከበረ መምህር እንደሆነ፣ ሙሽራይቱንም ባለጌ እጅ እንደማያስነካት ሲናገሩ ወይዘሮ አልማዝ በሳቅ ፈረሱ። ስቀው ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እኔ የሳቅ እንባ መሰለኝ። «ዝም ብሎ አቧራ ከሚጠጣስ ይናገር። አልሸጠውም፣ ግን በአደራ ውሰዱት፤ ሲመጣ ትመልሱልኛላችሁ» አሉ።

ሸክላው ለመጀመሪያ ጊዜ የዞረ ዕለት አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ዘፋኟ ከሁለቱ ስፒከሮች መሃል፣ ቡፌው በነበረበት ቦታ ቆማ የምትዘፍን እስኪመስለን ድረስ ድምፁ ጥርት አለ፤ እናቴም የሽንኩርት ቢላዋዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። «እሺ፣ ተጋብተዋል» አለች በመጨረሻ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንደሚባለው፣ የአብዮት በዓል ሲደርስ የቀበሌው አምፕሊፋየር ተበላሸና ጥያቄው እኛ ቤት መጣ። እምቢ የሚባልበት ዘመን አልነበረም። አባቴ ራሱ ተሸክሞት ሄዶ፣ በየምሰሶው ከተሰቀሉት የቆርቆሮ ድምፅ ማጉያዎች አንዱን ብቻ አገናኘና ከዚያ በላይ እንደማይችል ለሁሉም አስረዳ። በዓሉ ሊጀመር ሲል ግን ከላይ የመጣው ካድሬ «ሰፊው ሕዝብ በሙሉ መስማት አለበት!» ብሎ ድምፅ ማጉያዎቹን ሁሉ እንዲያገናኙ አዘዘ። ንግግሩ በደንብ እየጋለ ሳለ ድምፁ ተንጫረረ፣ ቀጥሎ የሞቀ አቧራ ሸተተን፣ ቀጥሎ ጭስ ወጣ፣ ቀጥሎም ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ካድሬው ያለ ማይክራፎን የተናገራት ቃል ለሁላችንም ደረሰች፤ «አሻጥር!»

በዚያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ልጅም ያውቅ ነበር። አብዮት ጠባቂዎች አባቴን መሃል አድርገው ሲወስዱት የእናቴን ፊት አየሁ። በማግስቱ ጠዋት፣ አሳሪዎቹ ወደ ሌላ ቦታ እንዳያሳልፉት በመፍራት፣ ኦቦ ገመቹን ይዘን ቀበሌ ደረስን። ሽማግሌው ያንኑ ጋቢ ለብሰዋል፤ ሊቀ መንበሩ ተቀመጡ ቢላቸውም አልተቀመጡም።

«ጓድ፣ ዱጋ ልንገርህ፣ እውነቱን። ይሄ ሰው ለዚህ ዕቃ ሽማግሌ ልኳል። የላከው እኔን ነው። ደብረ ዘይት ድረስ ሄጄ፣ ቆሜ ለምኜ ነው ያመጣሁለት። ሰው ሽማግሌ ልኮ ያመጣትን ሙሽራ በገዛ እጁ ያቃጥላል እንዴ?»

«ለአምፕሊፋየር ሽማግሌ?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«የሰፈሩን ሰው ጠይቅ፤ ሲስቅብን ነው የከረመው።»

እናቴም ጣልቃ ገብታ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኛ ልጆቹና ሚስቱ እንኳ ሳንታጠብ አንነካውም ነበር» አለች። መጀመሪያ ሳቁን መቆጣጠር ያልቻለው በር ላይ የቆመው ጠባቂ ነበር፤ መሳሪያውን ተደግፎ ሳቀ። ሊቀ መንበሩ ከንፈሩን ነከሰ፣ አቀረቀረ፣ በመጨረሻ እሱም አላስቻለውም። ያን ሁሉ ጊዜ አባቴን ያስነቀፈው የሰፈር መሳቂያነት ምስክር ሆነለት። ተፈትቶ ከውስጥ ሲወጣ ጫማው ያለ ማሰሪያ ነበር፣ ዓይኑ አብጧል፤ ግን በእግሩ እየሄደ ወደ እኛ መጣ። ነፍሴ መለስ አለችልኝ፤ ኦቦ ገመቹም ያን ጊዜ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ።

አባቴን ግን አደራ በላ መባል ከእስሩ በላይ አስጨንቆት ነበር። የተቃጠለውን አምፕሊፋየር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እኔን ይዞ ደብረ ዘይት ሄደ። በር ስናንኳኳ በእኔ ዕድሜ ያለች ልጃቸው «አባዬ!» እያለች በሩጫ መጥታ ከፈተች፤ እኛን ስታይ ግን ፊቷ ጠቆረ፣ በዝግታም ወደ ጎን ፈቀቅ አለችልን። አባቴ እንደ ተከሳሽ ቆሞ ድምፅ ማጉያዎቹን፣ ጭሱን፣ መታሰሩን ሁሉ ነገራቸው። ወይዘሮ አልማዝ ብርድ ልብሱን አልገለጡትም።

«እርስዎን ግን መለሱዎት?»

«አዎ። በማግስቱ።»

«ባለቤቴንም የወሰዱት ለአጭር ጥያቄ ነው ብለው ነበር» አሉ። «ተመስገን። እንግዲያው ዕቃውን ይተዉት። ይቀመጡ፣ ምሳ ደርሷል።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመናዊ ማጫወቻ ሰምቻለሁ፤ ያቺን ዘፋኝ ቡፌው በነበረበት ቦታ መልሶ ያቆማት የለም፤ እኔም አይቆጨኝም። አባቴ አርጅቶ፣ ልጆቼን አቅፎ፣ አልጋው ላይ ነው የሞተው። ምን አጣሁ ብዬ ስቆጥር ትዝ የምትለኝ ያቺ ልጅ ናት። ምሳ በልተን ስንወጣ እስከ በሩ ሸኘችን። አባቴ እጄን ይዞኝ ነበር፤ እሷም እጄን የያዘውን እጁን ታይ ነበር።