አጎቴ ያላነሱት ስልክ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምት፣ አንድ ዓርብ ቀን ነው። ብዙ ነገር ቶሎ የምረሳ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን ልርሳው ብልም አይረሳኝም። ያን ቀን ሰው ሊያልቅ የነበረው በእኔ ስህተት ነው። ማንም አልከሰሰኝም፣ ማንም አልጮኸብኝም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

የምሠራው ቆቦ ውስጥ፣ በአንድ አነስተኛ የገበሬዎች ማኅበር ቢሮ ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሁሉ የኔ ነው። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ እንኳ «ዘሃራ!» ተብሎ የሚጠራው እኔው ነኝ።

የራያን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ወንዞቻችንን ያውቃቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ናቸው። እዚህ ፀሐይ አናት እየበሳ፣ በስተምዕራብ ተራራው ላይ ከዘነበ ግን ጎርፉ ድንገት ይወርዳል። ገበሬው ያን ጎርፍ ይፈልገዋል። ወንዙ ውስጥ በአሸዋና በቅርንጫፍ ጠለፋ ሠርቶ ውሃውን ወደ ማሳው ይመልሳል። ጠለፋው ጎርፍ በመጣ ቁጥር ስለሚፈርስ፣ የሚቀጥለው ሳይመጣ ወንዙ ውስጥ ገብቶ መጠገን ግድ ነው። አደጋው እዚያ ላይ ነው።

ድሮ ሰዎቹ ሲሠሩ አንድ ሰው ከላይ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ድንጋይ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ሥራው ማዳመጥ ብቻ ነው። የጎርፉን ጉምጉምታ ከሩቅ ሲሰማ ይጮኻል፣ ሁሉም ይወጣል። ከሮቢት በታች ባለው የእኛ ወንዝ ይህን ሥራ ለዓመታት የሠሩት የእናቴ ወንድም፣ አያ እንድሪስ ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ መሮጥ አይሆንላቸውም። ስለዚህ ድንጋዩ የእሳቸው ነበር።

ከዚያ እኔ መጣሁ። ተራራው ሥር የውሃ ከፍታ መለኪያ ተተከለ። ውሃው ከልክ ሲያልፍ መለኪያው መልእክት ይልካል። ቢሮ ያለው ሰርቨር ላይ ደግሞ መልእክት አቀባባይ ፕሮግራም አለ፤ መልእክቱን ተቀብሎ፣ ለየትኛው ወንዝ ሰዎች እንደሆነ ለይቶ፣ ወረፋ አስይዞ ያደርሳል። ወንዙ ዳር ግራር ላይ፣ ከድምፅ ማጉያ ጋር የተያያዘ ስልክ ሰቅለናል። መልእክቱ ሲደርሰው እንደ አምቡላንስ ይጮኻል። ሁለት ጊዜ ጮኸ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጎርፍ መጣ። ይሄኔ ልቤ አበጠ። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ «ከእንግዲህ ሰው ማስቀመጥ አያስፈልጋችሁም፤ እኔ አለሁ» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። አያ እንድሪስም ከድንጋያቸው ተነስተው፣ አካፋ ይዘው ከሌሎቹ ጋር ወንዝ መግባት ጀመሩ።

ያን ዓርብ አቀባባዩን ላድስ ተነሳሁ። ፕሮግራሙ የሚነሳው በኮንቴይነር ነው፤ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ አንድ ላይ ታሽጎ በአንድ ትእዛዝ ይነሳል። አሮጌውን ኮንቴይነር አጥፍቼ አዲስ መተካት ነበረብኝ። የጁምዓን ሰዓት የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ወንዶቹ መስጊድ ናቸው፣ ወንዝ ውስጥ ሰው የለም ብዬ። አዲሱን አስነሳሁት። ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። መለኪያው ተገናኝቷል፣ ወደ ስልኮቹ የሚልከው ክፍልም ተገናኝቷል። ጎበዝ ነሽ ብዬ ራሴን አመሰገንኩና ምሳዬን ልበላ ወጣሁ።

ስመለስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ቆቦ ላይ ፀሐዩ ያነዳል፤ ተራራው ግን ጠቁሯል። ስክሪኑን አየሁት። ከመለኪያው የገባው ማስጠንቀቂያ አንድ ነው። የወጣው ዜሮ ነው።

መጀመሪያ አልገባኝም። እንደገና አየሁ፤ ዜሮ። በርበሬ የነካው እጅ ዓይን ላይ ያረፈ ያህል ሁለመናዬ ተለበለበ። የመለኪያውን ታሪክ ከፈትኩ። ውሃው ከልክ ካለፈ ስምንት ደቂቃ ሆኖታል። ከመለኪያው እስከ ጠለፋው ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ግድም ይፈጅበታል። ማስጠንቀቂያው ገብቷል፤ ለማንም ግን አልደረሰም።

አያ እንድሪስ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አይነሳም። አብረዋቸው የሚሠሩ የሁለት ሰዎች ቁጥር ነበረኝ፤ ሁለቱም ዝግ ናቸው። ቤታቸው ስደውል የአጎቴ ባለቤት አነሱ። «ከጁምዓ ቀጥታ ወንዝ ወረዱ እኮ፣ ጠለፋው ፈርሶ» አሉኝ። «ምነው ልጄ?» የመለስኩላቸውን አላስታውስም። ከእሳቸው ቤት እስከ ወንዙ በእግር ከግማሽ ሰዓት በላይ ነው። እኔም በባጃጅ ብሄድ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ውሃው ይቀድመኛል።

ስለዚህ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ መቀመጥ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም።

ጥፋቱን ያገኘሁት ቶሎ ነው። ማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ ለኮንቴይነሩ ቋሚ ስም አልሰጠሁትም። ስም ካልተሰጠው በተፈጠረ ቁጥር አዲስ ስም ይወጣለታል። አቀባባዩ ደግሞ ንብረቱን የሚያስቀምጠው በራሱ ስም በተከፈተ ማህደር ውስጥ ነው። በአዲሱ ስም ሲነሳ የራሱን ማህደር አጣና ባዶ ከፈተ። «የዚህ ወንዝ መልእክት ለእነዚህ ስልኮች» ብዬ በእጄ ያስገባሁት መመሪያ ሁሉ በአሮጌው ስም ዲስኩ ላይ ቀርቷል። መመሪያ የሌለው መልእክት ደግሞ አይጮኽም፣ አያማርርም፤ ዝም ብሎ ይጣላል። አረንጓዴው መብራት ይህን አይናገርም።

አሮጌውን ስም ፋይሉ ላይ ጻፍኩና ኮንቴይነሩን አስነሳሁ። «ስህተት» አለኝ። በጥድፊያ አንድ ባዶ ቦታ ጨምሬ ኖሯል፤ ይህ ፋይል ደግሞ በባዶ ቦታ ይቀየማል። አስተካከልኩ። «ቢስሚላህ» ብዬ እንደገና አስነሳሁ። ተነሳ። መመሪያዎቹ አንድ በአንድ ተመልሰው መጡ።

የወጣው ቁጥር ግን አሁንም ዜሮ ነው።

ያኔ ነው በእውነት የፈራሁት። መለኪያው ማስጠንቀቂያ የሚልከው ውሃው ልክ ሲያልፍ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንደዚያ ብዬ ያዘዝኩት ራሴ ነኝ፤ ሰው በጩኸት ብዛት እንዳይሰለች ብዬ። ያ አንድ ጩኸት ደግሞ ተጥሏል። ዳግመኛ አይመጣም።

የአቀባባዩን መቆጣጠሪያ ገጽ ከፈትኩና መልእክቱን በእጄ ጻፍኩት። የወንዙን ስም፣ የውሃውን ከፍታ፣ «ጎርፍ» የሚለውን ቃል። ላኪ በሚለው ቦታ የመለኪያውን ስም አስገባሁ፤ ካልሆነ ስልኩ አይቀበለውም። ላክሁት። ዜሮው አንድ ሆነ።

ላፕቶፑን ሳልዘጋ ወጥቼ ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ ፊቴን አይቶ ዋጋ እንኳ አልተናገረም። መንገዱን ሙሉ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ጭቃው ሲይዘን ወርጄ ገፋሁ፣ ደግሞ ተሳፈርኩ፣ ደግሞ ደወልኩ።

ወንዙን ሳላየው ሰማሁት። ስንደርስ ዳር እስከ ዳር ሞልቷል፤ ቡናማ ሆኖ ግንድ ያንከባልላል። ጠለፋው የለም። ሰዎቹ ወደ ማዶ ሳይሆን በእኛው በኩል ወጥተው፣ ግራሩ አጠገብ ቆመዋል። አያ እንድሪስን አላየኋቸውም። ጠጋ ስል መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እስከ ወገባቸው ርሰዋል፣ አንድ ጫማቸው የለም። ሁለት ሰዎች ጎትተው ነው ያወጧቸው።

«አብሽሪ፣ ዘሃራ» አሉኝ። «አልሃምዱሊላህ፣ ሁላችንም አለን። ያ ማሽንሽ ወላሂ ነፍስ ነው! ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ አልቀንልሽ ነበር።»

«ስደውልልዎ ለምን አላነሱም?» አልኩ። ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

ኮታቸው ግራሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። «ሲጠራ ሰምቼዋለሁ» አሉ። «ዘሃራ ናት፣ ለወሬ ናት ብዬ ተውኩት። ጎርፍ ቢሆን ማሽኑ ይጮህ ነበር ብዬ።»

እዚያው ነገርኳቸው። ማሽኑ እንዳልጮኸ፣ እኔ እንዳበላሸሁት፣ መልእክቱን በማሽኑ ስም የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። የሚያመሰግኑኝ ሰዎች ፊት ዝም ማለት አልቻልኩም። አያ እንድሪስ የቀረችውን አንድ ጫማቸውን አውልቀው ውሃዋን አፈሰሱ።

«አንቺን ያላነሳሁሽ» አሉ በመጨረሻ፣ «እኮ አንቺው ማሽኑን እመኑ ስላልሽን ነው።»

ቁጣ አልነበረበትም። ብቻ እውነቱን ነው የተናገሩት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝና አነሳኋቸው። እስከ ባጃጁ ትከሻዬን ተደግፈው ሄዱ።

አሁን ኮንቴይነሩ ቋሚ ስም አለው። መመሪያዎቹም ሲነሳ አብረው የሚጫኑ ፋይል ሆነዋል። መለኪያው አንድ ጊዜ ሳይሆን፣ ሰው «ሰማሁ» ብሎ እስኪመልስለት ድረስ ይጮኻል። ይህ ሁሉ የተስተካከለው ግን አያ እንድሪስ ወደ ድንጋያቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሰው ይቀመጥ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ማንም አላጨበጨበም።

ሰርቨሩን በነካሁ ቁጥር ቀድሜ እደውልላቸዋለሁ። በመጀመሪያው ጥሪ ያነሳሉ፤ ድንጋዩ ላይ ሆነው። ሰላምታ እንኳ አያስቀድሙም። «ወንዙ ዝም ብሏል፤ ሥሪ» ይሉኛል። «እኔ አለሁ።»