ሦስት ወር የቆየ መርዶ

ባለፈው ሳምንት ሳን ሆዜ አንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ገብቼ የታይፕራይተር ክዳን ብከፍት፣ የሪባኑ ቀለም ሽታ ጋሽ ንጉሤን አመጣብኝና እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሻጩ ምን ነካት ብሎ ይሆናል።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ጋሽ ንጉሤ ኦክላንድ እኛ ቤት አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ጠዋት ሆቴል አንሶላ ያጥባሉ፤ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን፣ ቴሲሳቸውን፣ ይተይባሉ። ቴሲሱ ስለ ድሮ የስኮትላንድ ፈላስፎች ነበር፤ የሰው ልጅ ከአደን ወደ ከብት እርባታ፣ ከዚያም ወደ እርሻና ንግድ እንዴት እንደተሸጋገረ፣ ሰውንና ሰውን ምን እንደሚያስተሳስር የጻፉ ሰዎች። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። በአማርኛ ያስረዱኛል፣ በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ። እናቴ ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» የምትለውን እነሱ በወፍራም መጽሐፍ ጻፉት እያሉ ይስቁ ነበር።

አንድ ቀን ለአባቴ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። ጋሽ ንጉሤ እዚያ ትተውት የመጡት አንድ ልጃቸው ዳዊት ታሞ ሞቷል። አባቴና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መከሩ። ቴሲሱን ሳይጨርስ ከነገርነው ሰውየው ይወድቃል፣ የቀረው ትንሽ ነው፣ ተባለ። እኔንም እናቴ ትንፍሽ እንዳትዪ አለችኝ።

ያ «ትንሽ» የተባለው ሦስት ወር ሆነ። ጋሽ ንጉሤ ለዳዊት ጫማ ገዝተው፣ እግሩ አድጎ ይሆን እያሉ እየሳቁ ያሳዩናል። እናቴ ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞራለች፣ እኔ ቲቪ አያለሁ። የእግዜር ያለህ፣ እንዴት ቻልነው?

ቴሲሱን ባስረከቡ ማግስት በማለዳ ቤቱ በሰው ሞላ። እንኳን ደስ አለዎት ሊሏቸው የመጡ መስሏቸው ከረባት አስረው ወጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ማዘቅዘቃቸውን ሲያዩ ቆሙ። አባቴ ነገራቸው። መቼ ብለው ጠየቁ። ሦስት ወር ሲባሉ አንድ በአንድ አዩንና እኔ ላይ ደረሱ።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

ያን ቀን በአማርኛ መለስኩ። «አዎ፣ ጋሼ።»

«ስስቅ ዝም ብላችሁ አያችሁኝ» አሉና ያኔ ነው ያለቀሱት።

አባቴ ለእርስዎ አስበን ነው አላቸው፤ እውነቱን ነው። ሁሉም በሳቸው ቦታ ሆኖ አስቧል፤ እሳቸውን ግን ማንም አልጠየቀም። በወሩ ቤታችንን ለቀው ሳን ሆዜ ገቡ። ለበዓል ይደውሉልን ነበር፣ ተመልሰው ግን ቤታችን አልተቀመጡም። ካረፉ ቆይተዋል።

እኔ ከሳቸው ወዲህ መርዶ አላቆይም። በሰማሁበት ቀን ሄጄ እናገራለሁ፤ ሰውም ጨካኝ ይለኛል። አምና የአባቴ እህት ስታርፍ ስልኩ ለእኔ መጣ። ሥራዬን ጥዬ ሄድኩና አባቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ ማን ማን ሰምቷል አለኝ።

«ከእኔ ሌላ ማንም አልሰማም፣ አባዬ» አልኩት።