የፓፓያ ፍሬ የበሉ ዓሦች

የዚያን ቀን ጠዋት ታላቅ ወንድሜ ግቢ ውስጥ የፓፓያ ፍሬ፣ ጥቋቁሩን ዘር፣ ይወቅጥ ነበር። ሽታው ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላል። ኢስትሊ ሰፈር ካሉት ጁስ ቤቶች የሚጣለውን ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ቆርቆሮ ላይ አድርቆ ነው የሚወቅጠው። ከዚያ ከፉርሽካና ከኦሜና፣ ማለትም ከዚያች ደቃቃ የደረቀች የሐይቅ ዓሣ ጋር ለውሶ ለአንዱ የዓሣ ታንከር ይሰጣል። ሌላኛው ታንከር ያው መኖ ይሰጠዋል፣ ፓፓያ ግን የለበትም።

ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሳያድግ ይራባል። ታንከሩ በጫጩት ይሞላል፣ ሁሉም መኖ ይሻማል፣ የሚወፍር አይኖርም። የፓፓያ ፍሬ መራባቱን ይገታል፣ የበሉት ሁሉ ወደ ሥጋ ይሄዳል። ወንድሜ የሚለው ይህን ነበር። ያመነው ሰው አልነበረም። ሁርሊንግሃም ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት ባለቤት ወንድሜ ከዚያ በፊት የወሰደለትን ዓሣ አይቶ «ይሄ ለድመት ነው። ሳህን የሚሞላ ስታመጣ ለጾሙ እወስድልሃለሁ» ብሎ መልሶታል።

አክስታችን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች።

«ዛሬም ዓሣ ልታመክን ነው?» አለችው።

«እንዲወፍሩ ነው እትዬ።»

«አንተ እንደሆነ ሳትበላውም መክነሃል። ልጅ ሳታሳየኝ ልሞት ነው።»

ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ነገ ከሁለቱም ታንከር አንድ አንድ ሴት ዓሣ አውጥተን ሆዳቸውን እናያለን» አለኝ። «የፓፓያዋ ዕንቁላል ከሌላት የመጀመሪያውን ዓሣ እትዬ ትበላለች።»

«ጾም ነው» አለች።

«ዓሣ ነው እኮ።»

«እሱን ለንስሐ አባቴ ንገራቸው።»

ከሰዓት በኋላ ፍሬ ሊያመጣ ወጣ። ሲመለስ የተሳፈረበትን ሞተር ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ገጨው። የሞተሩ ነጂ ተረፈ። ፖሊሶቹ ከረጢቱን ሰጡኝ። ውስጡ ያለው ፍሬ ገና እርጥብ ነበር።

ስለዚያ ምሽት ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ሞክሬያለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ በሰው ተሞላ። ጊጊሪ፣ ኤምባሲዎቹ ሰፈር፣ የሚሠሩት ሐበሾች በመኪና መጡ፣ የሰፈሩ ሰው በእግሩ መጣ። «ልጅ እንኳ ሳይተካ» ይላሉ። አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ትቀበላለች። እሱ በዚህ ዓለም ላይ ያላደረገው ነገር ብቻ ነበር የሚወራው።

አክስቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«ሰው ከንጋት ጀምሮ ባዶ ሆዱን ተቀምጧል። ብዙዎቹ በጾም ዓሣ ይበላሉ። ያ ዓሣ ይሠራ።»

«የእሱ ነው» አልኳት።

«እነሱስ ለማን ነው የመጡት?»

መረቡን ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለግሁም። ራሴ ያዝኩት። እንዳለው ከሁለቱም ታንከር አንድ አንድ ሴት ዓሣ አወጣሁ፣ መለየቱን አስተምሮኛል። ፓፓያ ያልበላችው መዳፌን አልሞላችም፣ ሆዷ ግን ዕንቁላል ብቻ ነበር። ፓፓያ የበላችውን በሁለት እጄ ነው ያነሣኋት። ስከፍታት ስብ አለ፣ ዕንቁላል የለም። ሌላ ከፈትኩ። የለም።

ልነግረው ዞር አልኩ። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ሽንኩርት ይልጣሉ። ቀና ያለ የለም።

ዓሣው ተጠብሶ ወጣ። ከጊጊሪ የመጣ አንድ ሰውዬ አጥንቱን እየለየ «ጥሩ ዓሣ ነው፤ ከየት ገዛችሁት?» አለ።

በሁለት እጄ ያነሣኋትን የመጀመሪያዋን ዓሣ አስቀርቼ ነበር። ጭራዋ ከሳህኑ ወጥቷል። ይዤ ወደ አክስቴ ሄድኩ።

«ጾም ነው እኮ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

«የፓፓያዋ ዕንቁላል የላትም» አልኳት።

ሳህኑን ተቀበለችኝ። እስክትቆርስ ድረስ ፊቷ ቆሜ ጠበቅሁ።