ስልሳ አራት ቁጥር አልገባም

ዊኒ በርኬት ግትር ናት። ይህን የሚክድ ካለ አያውቃትም ማለት ነው። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከሐይቁ በላይ ያሉትን ኮረብቶች ሁሉ በእግሯ ታውቃቸዋለች፣ ሰላም ሲሏት በአገጯ ነው የምትመልሰው። የምትተዳደረው ድንጋይ በመካብ ነው። በጎች እንዳያልፉ ከኮረብታ ኮረብታ የሚዘረጋውን፣ ጭቃም ሲሚንቶም የማይነካውን ካብ እንደ እሷ አድርጎ የሚክብ በአካባቢው የለም። ታዲያ ምን ዋጋ አለው? የመንደሩ ገበሬ ካቡ ሲፈርስበት ማዶ ካለው ሸለቆ ሰው ያስመጣል እንጂ የእሷን በር አያንኳኳም። እንዲህ ሲሆን አስራ አንድ ዓመቱ ነው።

ነገሩ የመጣው ከሩጫው ነው። በየዓመቱ በጎቹ ከተሸለቱ በኋላ መንደሩ ከሐይቁ ዳር ካለው ሜዳ ይነሳና ጫካውን አቋርጦ፣ ሦስት ኮረብታ ወጥቶ ወርዶ ይመለሳል። የሦስቱን ጫፍ ከነኩ በኋላ በየት እንደሚወርዱ የሚጠይቅ የለም፤ እያንዳንዱ ለሰው የማይናገረው የራሱ መውረጃ አለው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው። ያሸነፈም፣ አቋርጦ የወጣም ሜዳው ላይ መጥቶ ደረቱ ላይ ያለውን ቁጥር ያስረክባል። አንድ ቁጥር ከጎደለ ሰው ኮረብታ ላይ ወድቋል ማለት ነውና እራቱም ቢራውም ይቀርና ሁሉም ለፍለጋ ይወጣል። የመጨረሻው ቁጥር ሲገባ መዝጋቢው «ሁሉም ገብቷል» ይላል። ሰው አረፍ ብሎ የሚቀመጠው ያኔ ነው።

ያን ዓመት ዊኒ እየመራች ነበር። ሦስተኛው ጫፍ ላይ ጭጋግ ወረደና መንገድ ሳተች። መሳቷን ስታውቅ በማዶው በኩል ግማሹን ቁልቁለት ጨርሳዋለች፤ ስትንቃቸው የኖረችው ሴቶች ሁሉ ቀድመዋት ገብተዋል። ንዴቷ አናቷ ላይ ወጣ። ደግሞ እነሱ ፊት ቆሜ ቁጥር ላስረክብ? አለች። በዚያው ቤቷ ገባች፣ ገላዋን ታጠበች፣ ስልኩን ነቀለችና ተኛች። ሰዎች መጥተው በሯን ቢደበድቡም እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወስዷት አልሰማችም። ጥፋት ነው፤ ማንም ሊያስተባብልላት አይችልም። አርባ ሰው በዝናብ ሲፈልጋት ዋለ። ከፈላጊዎቹ አንዱ፣ በወጣትነታቸው ያንን ሩጫ ዘጠኝ ጊዜ ያሸነፉት አይዛክ ፍሌሚንግ፣ እርጥብ ድንጋይ አንሸራቷቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ እንኳን ሊሮጡ ደረጃ መውጣትም መከራቸው ነው። ይቅርታ ልትጠይቅ ስትሄድ በሩን አልከፈቱላትም።

መዝጋቢው የአይዛክ ልጅ ዊልፍ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጥር ከለከላት። ዘንድሮ የሩጫ ማኅበሩ ሰዎች ይብቃት ብለው ለመኑት፤ እንደምንም እሺ አለና ቁጥሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረላት።

«ዛሬም ሳታስረክቢ ብትቀሪ ዕድሜ ልክሽን እዚህ ሜዳ አትደርሺም» አላት። «አባቴ ምርኩዝ ባነሳ ቁጥር አንቺ ነሽ የምትታዪኝ።»

ዊኒ ስልሳ አራት ቁጥርን በአራት መርፌ ቁልፍ ደረቷ ላይ ሰካች። አጠገቧ የቆሙት ሴቶች ፈቀቅ አሉ፤ አንዷ ለጓደኛዋ፣ ዊኒ እንድትሰማ አድርጋ፣ ዛሬ ደግሞ ዳሌው የሚሰበረው ማን ይሆን አለቻት። ዊኒ ሰማች፣ ዋጠችው። የፈለገችው ማሸነፍ አልነበረም፤ ቁጥሯን አስረክባ እንደ ሰው መቆጠር ብቻ ነበር።

ደህና ሮጠች። ሦስተኛውን ጫፍ ስትነካ ከሴቶቹ ሁለተኛ ነበረች። ከዚያ በራሷ መውረጃ፣ በልጅነቷ ከአባቷ ጋር የካበችውን ካብ ይዛ፣ ማንም በማያልፍበት በኩል ጫካው ውስጥ ገባች። ዝናብ ያረጠበው ሥር አንሸራተታትና ቁርጭምጭሚቷ ቀጭ ሲል ሰማችው። ብትነሳ እግሯ መሬት አልረግጥ አላት።

ካቡ ካለቀበት ቦታ መንገዱ ሁለት ይሆናል። በግራ ቤቷ ነው፣ ቁልቁል፣ ቅርብ። በቀኝ ሜዳው ነው፤ ለደህና እግር እንኳ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ቤቷ ገብታ እንዳትደውል ስልኩን ካስቆረጠች ቆይታለች፤ ማን ሊደውልላት ብላ? የተሰበረ ቅርንጫፍ አነሳችና በቀኙ ተያያዘችው።

መጀመሪያ የፈራችው ፈላጊዎቹን ነበር። እኔን ሲፈልግ ዛሬም ሰው ይሰበራል ብላ ባላት አቅም ተጣደፈች፤ ግማሹን እየዳኸች ሄደች። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። የሚጠራት ድምፅ የለም፣ ፉጨት የለም። ያኔ ገባት። የሚፈልጋት ሰው የለም። ዛፍ ተደግፋ ቆመች። ታዲያ ለማን ብዬ ነው የምሠቃየው፣ ተመልሼ አልጋዬ ላይ አልተኛም? አለች። ያላስመለሳት ያው ግትርነቷ ነው። ቁጥሩን እዚያ ዊልፍ ፊት ላይ ሳትወረውር እንደማትሞት ለራሷ ማለችና ቀጠለች።

ጫካው ሊያልቅ ሲል ከታች ምርኩዝ ድንጋይ ሲመታ ተሰማ። ሽማግሌው አይዛክ ነበሩ። በሁለት ምርኩዝ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ ዳገቱን ይወጣሉ።

«ስልሳ አራት?» አሉ። ስሟን አልጠሩም።

«አዎ። እግሬ ነው» አለች። «ሌሎቹስ?»

«እየጠጡ ነው። ልጄ ዊልፍ፣ ቤቷ ገብታ ተኝታለች አለ። ስልሳ አራት ሳይገባ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ ሁሉም ገብቷል ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ተው ስለው ሳቀብኝ።»

«በዚህ እግርዎ ለእኔ ብለው…»

«ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። አልወድሽም፤ እስክሞትም አልወድሽም። ኮረብታ ላይ ሰው ትቼ ግን እራት አልበላም።»

ዊኒ ካለቀሰች ስንት ዘመኗ ነው፤ አለቀሰች። ያን ጊዜ ማጥፋቷን፣ ጥፋቱም የእሷ ብቻ መሆኑን ነገረቻቸው። አውቃለሁ አሉ። አንዱን ምርኩዝ አቀበሏትና ፊታቸውን አዙረው መውረድ ጀመሩ። ቀድማቸው መሄድ አልቻለችም፤ እሳቸውም አልቻሉም።

ሜዳው ዳር ያለው መጠጥ ቤት ገቡ። አይዛክ ጭቃ የበላውን ቁጥር ከዊኒ እጅ ተቀበሉና ልጃቸው ሳህን ላይ፣ የበጉ ሥጋና ድንቹ ላይ አኖሩት።

«አሁን ድገመው» አሉት።

ዊልፍ ፊቱ ቀላ። ቁጥሩን አየ፣ የአባቱን ጭቃ የለበሰ ሱሪ አየ። ቀና ሳይል፣ «ሁሉም ገብቷል» አለ።

ወንበር ያቀረበላት የለም። አይዛክ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ተቀመጡ። ዊኒም በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠችና የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።