የእጅ ውሃ ከማን ይጀምራል?

የእጅ ውሃ ሳፋ ላይ ሲወርድ ከሰማሁ፣ ምግብ ቤትም ልሁን ለቅሶ ቤት፣ ልቤ ወደ ልጅነቴ ይሸሽና ያቺን ሰማያዊ ጆግ ይዤ አባባ ፊት ጎንበስ ያልኩ ይመስለኛል።

የቤቱ ትንሽ እኔ ስለነበርኩ እጅ የማስታጥበው እኔ ነበርኩ። ተራ አለው፤ መጀመሪያ አባት፣ ከዚያ እናት፣ ከዚያ በዕድሜ። ታላቅ ወንድሜ ቶሌራ አምቦ ከተማ ባጃጅ መንዳት ከጀመረ በኋላ ግን ተራውን አባባ ራሱ ገለበጠው። የወፍጮ ቤት ሥራውን ትቶ፣ ጋቢውን ደርቦ በር ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይውልና፣ ማታ ቶሌራ ሲገባ «ከእሱ ጀምር፣ ደክሞት ነው የመጣው» ይለኝ ነበር። እማዬ ሥጋ ሥጋውን ወደ እሱ ትገፋለች፣ እህቴ ለሊሴ ጫማውን ታወልቅለታለች፣ እሱ ደግሞ አፍሮ «ኧረ ማሎ፣ ተዉኝ! ሙሽራ አደረጋችሁኝ እኮ» እያለ ይስቅ ነበር።

ክረምት ገባ። ቶሌራ ከጉደር ሲመለስ ባጃጁ በዝናቡ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ተገለበጠና ወገቡን ሰበረው። ከሐኪም ቤት በሸክም አመጡት፣ ጓዳ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ አነጠፉለት። መጀመሪያ ሰሞን ሁላችንም ከአልጋው ሥር አንጠፋም ነበር፤ እኔም ሳፋውን ይዤ የምገባው መጀመሪያ እሱ ጋ ነበር። ዝናቡ እየቀለለ ሲሄድ አባባ ወደ ወፍጮ ቤቱ ተመለሰና፣ ማታ ማታ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ ሲገባ የማላውቀው ትልቅ ሰው ይመስለኝ ጀመር፤ ድምፁ እንኳን ወፈረ። አንድ ቀን ጆጉን ይዤ ወደ መጋረጃው ስሄድ «ወዴት ነው?» አለኝ።

«ቶሌራ ጋ።»

«ከእኔ ጀምር።»

ጀመርኩ። ቶሌራ ሁለተኛ ሆነ፣ ቆይቶ መጨረሻ ሆነ፣ መስከረም ላይ ደግሞ እማዬ ጆጉን ከእጄ ተቀብላ «ውሃ አታባክን፤ እሱ እንደሆነ የትም አልዋለ፣ እጁን ምን ያቆሽሸዋል?» አለችኝ። እማዬ ክፉ ሴት አይደለችም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ብትሆንማ ሰድቤያት ይወጣልኝ ነበር።

ኅዳር ላይ ለሊሴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። አባባ አስቀድሞ ጓዳ ገብቶ «ዛሬ ድምፅ እንዳታሰማ። ጧሪ የሚፈልግ ሰው ያለበት ቤት ነው ብለው ይመለሳሉ፣ የእህትህን ዕድል እንዳትዘጋ» አለው። ቶሌራ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «እሺ» አለ። ሽማግሌዎቹ ጉዳያቸውን ተናግረው፣ ማዕድ ቀርቦ፣ እኔ ጆጉን ይዤ ስቆም፣ በዕድሜ የሚበልጡት ኦቦ ገመዳ እጃቸውን እየዘረጉ «ለመሆኑ ልጆችዎ ስንት ናቸው?» ብለው አባባን ጠየቁት።

«ሁለት» አለ አባባ። «እሷና ይሄ የሚያስታጥባችሁ።»

እኔ አፈ ፈጣን ነኝ፣ ያኔም ነበርኩ፤ ያን ቀን ግን ከአፌ እግሬ ቀደመ። ኦቦ ገመዳን እጃቸውን እንደዘረጉ ትቼያቸው፣ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁና ለቶሌራ አፈሰስኩለት። ሳፋው ላይ የሚወርደው ውሃ ድምፅ እንግዶቹ ድረስ ተሰማ።

«ማን አለ እዚያ?» አሉ ኦቦ ገመዳ። አባባ አንገቱን ደፋ።

«እንግዳ ነኝ» አለ ቶሌራ ከመጋረጃው ጀርባ።

ኦቦ ገመዳ እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡና «እንግዳ ከሆነማ ልጁ ደግ አደረገ፤ እንግዳ ነው የሚቀድመው» አሉ። አባባ ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

ለሊሴ በጥር ተዳረች። ቶሌራ ሠርጉን አልጠበቀም፤ በክራንች መቆም እንደቻለ ጓደኛው ባጃጅ ላይ አሳፍሮት ጉደር ገባ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሞባይል መጠገን ጀመረ። ሲሄድ አባባ እስከ በር ድረስ ወጥቶ፣ ባጃጁ እስኪታጠፍ ቆሞ፣ ተመልሶ ገባ።

አሁን እዚያው ጓዳ፣ እዚያው አልጋ ላይ የተኛው አባባ ነው፤ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ቆየ። መጋረጃውን ግን ገንጥዬ ጥዬዋለሁ። ባጃጅ የምነዳውም እኔ ነኝ፣ ትምህርቴ በዚያው ቀረ። ለፋሲካ ቶሌራ መጣና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጆጉን ሳቀርብ አባባ በተጣመመ አፉ «ከቶሌራ» አለ።

«እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ? ከአባባ ጀምር እንጂ» አለ ቶሌራ።

«ከቶሌራ።»

«ኧረ አንዳችሁ እጃችሁን ዘርጉ፣ ክንዴ ዛለ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

የአባባ የሚታዘዘው አንድ እጁ ነው፤ አንድ እጅ ደግሞ ብቻውን አይታጠብም። ቶሌራ ክራንቹን አስደግፎ፣ የአባባን እጅ በሁለት እጁ መሀል ይዞ ሳፋው ላይ አደረገው። አፈሰስኩ። ማን እንደቀደመ እኔም አላውቅም።

ያኔ ይቀድም የነበረው ብር ያመጣው ነው። ዛሬ ብር የማመጣው እኔ ስለሆንኩ እማዬ «ደክሞሃል፣ ከራስህ ጀምር» ትለኛለች። አልሰማትም። ሁሉንም አስታጥቤ ስጨርስ፣ ጆጉ ውስጥ በተረፈችው፣ እኔው ለራሴ እያፈሰስኩ እታጠባለሁ። ከፊት የነበረ ሰው እንዴት ወደ ኋላ እንደሚገፋ አይቻለሁ፤ ከመጨረሻ ግን ወዴት ይገፉኛል?